እናቴን የያዛት ሰው

ይህን ታሪክ ለሃያ ሰባት ዓመት ያወራሁት እንደ ጀብዱ ነው። በትምህርት ቤት ለጓደኞቼ፣ በኋላም በመሥሪያ ቤት በምሳ ሰዓት፣ በስምንት ዓመቴ አንድ ዘበኛ እንዴት አድርጌ እንደነከስኩ ጥርሴን እያሳየሁ ሳወራ ሰው በሳቅ ይንከተከት ነበር። አሁን የማወራው ያንኑ ታሪክ ነው። የሚያስቅ ነገር ግን የለውም።

ያኔ የምንኖረው ከትልቁ ከተማ የሦስት ሰዓት መንገድ በምትርቅ ትንሽ ከተማ ነበር። አባዬ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ በወር ውስጥ ቤት የሚያድርባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እማዬ ቤት ሆና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ነው፤ ከአጠገቡ የጨርቅ ክምር፣ ወለሉ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ሰማያዊ የክር ቁርጥራጭ አለ። በባዶ እግሬ ስሄድ ተረከዜ ላይ ይጣበቅብኛል።

በዚያ ዓመት ወንድም ተወልዶልኝ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ቀን ከእኛ ጋር ቆየ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ትንሿ አልጋው የለችም፤ ቤቱ በጎረቤት ተሞልቷል። «ወንድምሽ ሄደ» አሉኝ። የት እንደሄደ ግን ማንም አልነገረኝም። እኔም ሆስፒታል ወስደውት፣ ጠንከር ሲል የሚመልሱት መሰለኝ። አባዬ አንድ ሳምንት ቤት ዋለና ወደ መንገዱ ተመለሰ። እማዬ መስፋት ተወች። ጨርቁ እንደተከመረ አቧራ ጠጣ። ስጠራት «አቤት» ትለኛለች፤ ዞር ብላ ግን አታየኝም።

ስለዚህ ከአራት ወር በኋላ አንድ ጠዋት ስነቃ፣ እማዬ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ መስኮቱን ስትወለውል ባያት ልቤ ቅቤ ጠጣ። ቀኑን ሙሉ ቤቱን ስታጸዳ ዋለች። የአባዬን ሸሚዞች በሙሉ ተኩሳ ደረደረች። ከሰዓት በኋላ ከእሷ ስፌት ትማር የነበረችውን የጎረቤታችንን ልጅ ጠርታ የስፌት መኪናዋን ሰጠቻት።

«አንቺስ?» አለቻት ልጅቷ ደንግጣ።

«እኔ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም። ውሰጂው» አለች።

ሌላ አዲስ መኪና ልትገዛ ነው ብዬ አሰብኩ። ማታ ላይ ራት እያቀረበችልኝ «ነገ ከተማ እንሄዳለን» ስትለኝማ አላስችል አለኝ። እማዬ ከማግባቷ በፊት ሁለት ዓመት ስፌት የተማረችው እዚያ ነው። ስለዚያች ከተማ ስታወራ ድምጿ ራሱ ይለወጣል። ስለ ሱቆቹ መስታወት፣ መናፈሻው ውስጥ ስለሚነፋው ሙዚቃ፣ ሁሉን ነገር ቁልጭ አድርጎ ስለሚያሳየው ስለ ረጅሙ ፎቅ ብዙ ጊዜ ነግራኛለች። «አንድ ቀን ጫፉ ላይ አወጣሻለሁ» ትለኝ ነበር። ቃሏን ልትጠብቅ ነው።

ሻንጣዬን እሷ ሸከፈችልኝ። ወፍራሙን የክረምት ሹራቤን ሳይቀር አጣጥፋ ከተተችው።

«አንድ ቀን አይደል እንዴ የምንውለው?» አልኳት።

«ብርድ ቢመጣስ» አለችኝ።

የአክስቴን፣ የታላቅ እህቷን አድራሻ በወረቀት ጽፋ ኮቴ ኪስ ውስጥ አደረገችና ኪሱን በመርፌ ሰፋችው። «ብጠፋ ነው?» ስላት፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች «አዎ፣ ብትጠፊ» አለች።

ዛሬ እኔም እናት ነኝ። ለልጄ ሻንጣ በሸከፍኩ ቁጥር ያ ሹራብ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

ከተማ የደረስነው ረፋዱ ላይ ነው። አይስክሬም ገዛችልኝና ስበላ አጠገቤ ተቀምጣ ታየኝ ጀመር። ቶሎ ቶሎ ስልሰው «ቀስ በይ፣ የሚያስቸኩል ነገር የለም» አለችኝ። ጉንጬ ላይ የፈሰሰውን በመሀረብ ሳይሆን በመዳፏ ጠረገችው። ከዚያ ወደ ፎቁ ሄድን። ሰላሳ አንድ ፎቅ ነው። አሳንሰሩ ውስጥ ጆሮዬ ድፍን አለ፤ እንዲከፈትልኝ ምራቄን ልውጥ ብል እሱም እምቢ አለኝ። በሩ ሲከፈት ትኬት የምትቆርጥ ወፍራም ሴትዮ በትንሽ መስኮት በኩል ፈገግ አለችልኝ። ከእሷ ጎን ብስኩትና ለስላሳ የሚሸጥበት ሱቅ አለ። ሱቁን አልፈን በመስታወቱ በር ስንወጣ ነፋሱ ቀሚሴን ጨምድዶ ያዘው።

እዚያ ሰገነት ላይ ሆኜ ያየሁትን አልረሳውም። መኪኖቹ ዶቃ አክለዋል፤ የሰው ድምፅ አይሰማም። የሥራ ቀን ስለነበር ከእኛ ሌላ ያሉት ጥቂት ሰዎች ናቸው። እማዬ ከኋላዬ አቅፋ በጣቷ ታሳየኛለች።

«ያውልሽ ትምህርት ቤቴ። ያ ደግሞ መናፈሻው። ከመናፈሻው በር ቀጥ ብለሽ ትሄጂና ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ወደ ግራ። ቀይ ጣሪያ ያለው ቤት የአክስትሽ ነው። ድገሚልኝ።»

ደገምኩላት። እንደገና አስደገመችኝ። እንደ ማባዛት ሰንጠረዥ በቃሌ ስወርደው ግንባሬን ሳመችኝ። ከዚያ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝ።

«ገብተሽ ብስኩት ግዢና እዚያው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለሽ ብዪ። ሴትዮዋ አጠገብ ሁኚ፣ እሺ የኔ ልጅ? እስክጠራሽ አትምጪ።»

ገና ሁለት እርምጃ ሳልራመድ አንድ ዘበኛ መንገዴ ላይ ቆመ። ቀጭን ረጅም ሰው ነው፤ ቡናማ ዩኒፎርሙ ላዩ ላይ ይውለበለባል።

«ልጅ ብቻዋን መግባት አይፈቀድላትም፣ እህቴ» አለ ለእማዬ።

ገና አሁን ሁለት ልጆች ብቻቸውን ሲገቡ አይቻለሁ። «እነዚያስ?» አልኩት። እንዳልሰማ ሆነ። «ደንብ ነው» ብሎ አጠገባችን ቆመ፤ ቆሞም ቀረ። ከየት እንደመጣን፣ በስንት ሰዓት አውቶብስ እንደምንመለስ ጠየቀ። እማዬ «አላወቅንም» አለችው። ወደ ሌላኛው ጎን ሄድን፤ ተከተለን። በልቤ «ዝንቡ» የሚል ስም አወጣሁለት።

«ሥራሽ ምንድን ነው፣ እህቴ?»

«ልብስ ሰፊ ነበርኩ።»

«ነበርኩ» አለ ዝንቡ ቃሏን ደግሞ። ከዚያ እጁን ዘረጋላት። «እስቲ ይህን እጅጌ እዪልኝ። ሦስት ጊዜ አሳጠርኩት፤ ሦስቴም ተተረተረ።»

እማዬ ልታየው አልፈለገችም። ግን ዓይኗ አላስቻላትም፤ ጠርዙን በጣቶቿ ይዛ ገለበጠችው። «ክሩ ነው» አለች። «ለዚህ ጨርቅ ቀጭን ክር ተጠቅመውበት።»

«ይኸው! ማንም አልነገረኝም።» ደስ ያለው መሰለ። ከዚያ ስለ ልጆቹ ማውራት ጀመረ፤ ሁለት ናቸው፣ ትንሹ እናቱ ካላቀፈችው አይተኛም። ወሬው አያልቅም። እማዬ እየሰማችው አልነበረም፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ድንገት ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«ፀጉርሽን ማነው እንዲህ አሳምሮ የሠራልሽ?»

«እማዬ።»

«ነገስ ማን ይሠራልሻል?»

እንዲህ ዓይነት የሞኝ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም። «ነገም እማዬ» አልኩና አፈጠጥኩበት። እሱ ግን የሚያየው እኔን ሳይሆን እሷን ነበር።

እማዬ ዘወር አለችና ወደ ጥጉ በፍጥነት መራመድ ጀመረች። ሮጦ ደረሰባትና እጇን አንጓዋ ላይ ያዛት።

«ልቀቀኝ» አለች በቀስታ።

«አልለቅሽም። ስደቢኝ፣ ምቺኝ፤ አልለቅሽም።»

እሱ ሲሚንቶው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ፤ እሷንም ጎትቶ አስቀመጣት። እማዬ ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ አለቀሰች። ከሆዷ ሥር የሚወጣ፣ እንደ ሳል የሚቆራረጥ ልቅሶ ነው። ሮጬ ሄጄ እጁን ነከስኩት። ጥርሴ አጥንት እስኪነካ ነከስኩት። አልጮኸም፤ እጇንም አልለቀቀም። «እሺ፣ ነክሰሽኛል። በይ አንቺም ቁጭ በይ» አለኝ፤ ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል። ትኬት ቆራጯ ሴትዮ ሮጣ መጥታ ከኋላዬ አቀፈችኝ። ያን ሁሉ ጊዜ እዚያ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠው ዝንቡ በጆሮዋ ሲናገር ነበር። ነፋሱ ስለወሰደው አንዱንም አልሰማሁም።

በኋላ ሴትዮዋ ዘመድ እንዳለን ጠየቀችኝ። የተማርኩትን ወረድኩላት፤ ከመናፈሻው በር ቀጥታ፣ ሁለተኛው መታጠፊያ፣ ቀይ ጣሪያ። ዝንቡ እጁን በመሀረብ ጠቅልሎ በታክሲ አደረሰን። አክስቴ በሩን ስትከፍት ጎንበስ ብሎ ያንሾካሾከው ከእኔም ጆሮ ደረሰ።

«ዛሬ ብቻዋን አትተያት። ነገም ቢሆን። መስኮቶቹን ዝጊ።»

አክስቴ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ደግሞ ንዴቴ ጣሪያ ነካ። ሌቦች ናቸው፣ ተጠንቀቂ እያላት መሰለኝ።

አባዬ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። አክስቴ ለሥራ ወጥታለች፤ እማዬ አልጋ ውስጥ ናት። «ምን ሆናችሁ ነው?» ሲል ከእሷ በፊት እኔ ተሽቀዳደምኩ። ሰውየው እንዴት እንደተከታተለን፣ እማዬ ልቀቀኝ ስትለው እምቢ እንዳለ፣ መሬት ላይ ጎትቶ እንዳስለቀሳት፣ እኔም እንዴት እንደነከስኩት አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። የአንገቱ ሥር ሲገታተር አየሁ።

«እውነቷን ነው? ይዞሻል?» አላት።

እማዬ እኔን አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ግድግዳውን አየች።

«ይዞኛል» አለች።

አባዬ ተስፈንጥሮ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ፊቱ ረግቷል። «አባረውታል» አለ። ወደ ላይ አንስቶኝ «የኔ ጀግና» ብሎ ሳመኝ፤ በማግስቱም አዲስ ጫማ ገዛልኝ። ያን ቀን አክስቴና እማዬ ወጥ ቤት ሆነው ሲነጋገሩ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«እብድ ናት ብሎ ልጄን ቢወስድብኝስ?»

«ሰውየውስ?»

አንዷ ቧንቧ ከፈተች። እኔ ሰውየው ሊበቀለን እንዳይመጣ ፈርተው ነው ብዬ አሰብኩ። በዚያ ሳምንት የአክስቴን ጃንጥላ ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ።

አክስቴ ቤት አራት ወር ቆየን። በየማክሰኞው እማዬን ሐኪም ጋ ትወስዳታለች፤ ለእኔ የእንቅልፍ ሐኪም ነው የተባልኩት። ቀስ በቀስ እማዬ ስጠራት ዞር ማለት ጀመረች። ወደ ቤታችን ስንመለስ የጎረቤታችን ልጅ የስፌት መኪናውን መልሳ መስኮቱ ሥር አስቀምጣልን ጠበቀችን።

አባዬ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል። አምና አንድ እሁድ እማዬ እኔ ቤት ተቀምጣ አተር ትፈለፍላለች፤ የስድስት ዓመቷ ልጄ «አያቴን ያዳንሽበትን ንገሪን» ብላ ያዘችኝ። እኔም እንደ ልማዴ ጥርሴን እያሳየሁ ጀመርኩ። እማዬ እጇን ሳህኑ ውስጥ እንዳደረገች ቀረች።

«ሂጂ ውጪ ተጫወቺ» አለቻት ልጄን። በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች። «ያን ታሪክ ከእንግዲህ ለልጅሽ አትንገሪ።»

«ለምን?»

«ያዳነኝ እሱ ስለሆነ።»

ያን ዕለት የነገረችኝን በሁለት መስመር መናገር ይቻላል። እኔ ብስኩት ልገዛ ስገባ እሷ ልትሄድ ነበር። ሰውየው ደግሞ ቦርሳዋን አንገቴ ላይ ስታጠልቅ አይቷታል።

«አባትሽ ሲጠይቀኝ አልዋሸሁም» አለች። «ይዞኛል። አንድ ነገር ብቻ አስቀረሁ። ለምን እንደያዘኝ።»

ለአንድ ወር ያህል በስልክ እንኳን ደህና አድርጌ አላናገርኳትም። መጀመሪያ በእሷ ተናደድኩ። ቀጥሎ በአክስቴ፣ እሷም ከሞተች ቆይታለች። መጨረሻ ላይ ያ ሁሉ ሳቅ፣ ያ ሁሉ የምሳ ሰዓት ወሬ ትዝ እያለኝ በራሴ ማፈር ጀመርኩ። አንድ ቀን እማዬ ራሷ ደወለች። «ፈልጊልኝ» ብቻ ነው ያለችው።

ፎቁ ባለቤት ቀይሯል፤ ቢሮ ያሉት ወጣቶች የዚያን ዘመን ሰው አያውቁም። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ናት ትኬት ቆራጯን ሴትዮ የጠቆመችኝ። ጡረታ ወጥታ ከልጇ ጋር ትኖራለች። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ከላይ እስከ ታች አየችኝና «እኔ ለአለቆቹ ነግሬያቸው ነበር። ሰው ከሴት ጋር ሲደባደብ ታየ ከተባለ ማን ይሰማል» አለች። ከዚያ የሰውየውን አድራሻ ጻፈችልኝ። ከገበያው ጀርባ ቁልፍ ይቀርጻል።

ሱቁ የቁም ሣጥን ያህል ናት። ስልሳን የተሻገረ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰውዬ አንድ ቁልፍ እየሞረደ አገኘሁት። ከፊቴ የነበረው ደንበኛ እስኪሄድ ጠብቄ «አባት፣ ዘበኛ በነበሩበት ጊዜ የነከሰችዎት ልጅ ነኝ» አልኩ። ሌላ የምጀምርበት ነገር አልመጣልኝም።

ሞረዱን አስቀመጠ። መነጽሩን አድርጎ አየኝ።

«እናትሽ አለች?» አለኝ።

«አለች።»

ትንፋሹን ለቀቀና በርጩማ ገፋልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያየሁት ያኔ ነው። የተረጋጋ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። ያን ቀን ያለማቋረጥ ያወራው ምን ያህል ተጨንቆ እንደነበር ገባኝ።

«ያባረሩኝ ዕለት» አለ፣ «ሴት በመተናኮል የሚል ደብዳቤ ሰጡኝ። በዚያ ደብዳቤ ማን ዘበኛ አድርጎ ይቀጥራል? ሚስቴም ልጆቹን ይዛ እናቷ ቤት ገባች። ከዓመት በላይ ቆይታ ነው የተመለሰችው።» የሚያማርር ሰው ድምፅ አልነበረውም። «ተናድጃለሁ፣ አልዋሽሽም። በአንቺ አይደለም፤ አንቺ ልጅ ነሽ። በእሷ።»

«ይቅርታ ያድርጉልን» አልኩ። የማይረባ ነገር መሆኑ አፌ ላይ እያለ ይታወቀኛል።

«ደግሞ ያን ዓመት በየቀኑ ጋዜጣ አነብ ነበር። ሥራ ፍለጋ ነው የምለው ለሰው። አንዲት ሴት፣ ልብስ ሰፊ፣ እንዲህ ሆነች የሚል እንዳለ ብዬ ነው። ሳጣ ጊዜ፣ በቃ አለች ማለት ነው ብዬ ተውኩት።»

ውጭ አንድ ሰው ጎማ ይነፋል።

«እሷ ለምን አልመጣችም?»

«ፈርታ ነው።»

«ትምጣ። እኔ ምንም አልፈልግም። ለሚስቴ ትንገርልኝ። ተመልሳ አብረን ኖርን፣ ልጆች ዳርን። ግን አንድም ቀን አምናኝ አታውቅም።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ረፋድ ላይ እማዬን ይዤ ሦስት ፎቅ ደረጃ ወጣሁ። በየማረፊያው እየቆመች ትተነፍሳለች። በሩን የከፈተው እሱ ነው። እማዬና እሱ ተያዩ፤ ለመጨባበጥ እጃቸውን ዘርግተው ሁለቱም መሐል ላይ ተዉት። «ውስጥ ናት። እኔ ደረጃው ላይ ነኝ» ብሎ ወጣ፤ በሩንም ከኋላው ዘጋው።

ሚስቱ ደቃቃ፣ ፀጉሯ እንደ ጥጥ የነጣ ሴት ናት። ተቀመጡ አላለችንም። እማዬ ቆማ፣ የቦርሳዋን ማንገቻ በሁለት እጇ ይዛ ተናገረች።

«ባልዎ እኔን የያዘኝ ልሞት ስል ነው። ልጄን ጥያት ልሄድ ነበር። ባሌ ሲጠይቀኝ ይህን መናገር አፍሬ፣ እንዲሁ ይዞኛል አልኩ። በእርስዎ ቤት የገባው ነገር ሁሉ ከእኔ አፍ የወጣ ነው።»

ሴትዮዋ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጨርቅ አንስታ የጸዳውን ጠረጴዛ መጥረግ ጀመረች። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጠረገችው።

«ይህንኑ ነግሮኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «የዚያኑ ቀን፣ እጁን እያጠብኩለት። አንዲት ሴት ልትሞት ነበር አለኝ። በኋላ ደብዳቤው መጣ፤ እኔ ደብዳቤውን አመንኩ።» ቀና ብላ እማዬን አየቻት። «እርስዎ በሕይወት ኖሩ፣ እሰየው። እኔ ግን ሃያ ሰባት ዓመት ከማን ጋር እንደምኖር ሳላውቅ ኖርኩ።»

እማዬ አንገቷን ደፍታ ቆመች። እኔም ላግዛት አልሞከርኩም።

ሴትዮዋ ጨርቁን አስቀመጠችና በመካከላችን አልፋ በሩን ከፈተች። ሰውዬው ጀርባውን ሰጥቶን የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተቀምጧል።

«ምን ደጅ ያስቀምጥሃል? ግባ እንጂ» አለችው። «ቤትህ አይደል።»

ወዲያው አልተነሳም። የደረጃውን ብረት ይዞ ብዙ ቆየ፤ እሷም በሩን እንደያዘች ጠበቀችው።